እንገር ያልጠገበ ጥጃ የማንን ኪስ ያራቁታል?

በጎንደርና በአካባቢው ደጋ የወተት ከብት ገበያ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ

የወተት ከብት በሚሸጥበት ሥፍራ ሁሉ ደላላው የሚያሳየው፣ ገዢውም የሚመረምረው የታወቀ ነው። ግቷ ሰፊ ነው ወይ? አራቱም ጡቶቿ ደህና ናቸው? ጥርሷ ስንት ነው? ስንተኛ ወልዳለች? በቀን ስንት ሊትር ትታለባለች? የፈረንጅ ደሟ ምን ያህል ነው? በዚህ ላይ ክርክሩ ይጦፋል፤ ዋጋ ይቆረጣል፤ ቀብድ ይያዛል፤ የደላላው ድርሻ ይታሰባል፤ ከብቷም ወደ አዲሱ በረት ትነዳለች።

ከዚህ ሁሉ ጥያቄ መካከል አንድ የማይነሣ አለ። ጊደሯ ራሷ በተወለደችበት ቀን እንገር የጠባችው ስንት ሰዓት ቆይታ ነው? ምን ያህልስ አገኘች? የሚለው ነው። ለገበያ የማይመጥን የእረኛ ወሬ ሊመስል ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች በጥጃ ደም ላይ ያደረጉት ምርመራ የሚያሳየው ግን፣ ያቺ ጥጃ አድጋ ለመታለብ መብቃቷ በእጅጉ የሚወሰነው በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት መሆኑን ነው። በወተት እርባታ ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ኪሣራው ከየት እንደሚጀምር ማወቅ ከፈለገ መመልከት ያለበት የወተት መለኪያውን ብቻ ሳይሆን የጥጃውን ቤት ጭምር ነው።

ባዶ እጁን የሚወለድ

የሰው ልጅ በማኅፀን ሳለ አንቲቦዲ የሚባሉትን በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖች ከእናቱ ደም ይቀበላል። ጥጃ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። የላም የእንግዴ ልጅ አሠራር የእናትየውን ደምና የጽንሱን ደም በበርካታ ሽፋኖች የሚለያይ በመሆኑ አንቲቦዲው ሊያልፍ አይችልም። ስለዚህ ጥጃ ወደዚህ ዓለም የሚመጣው መከላከያ ሳይኖረው ነው። በበረቱ ወለል ላይ ያለው እበት፣ የእናቱ ግት ላይ ያለው ቆሻሻ፣ የጎረቤቱ ጥጃ ሳል ሁሉ ለእርሱ አደጋ ነው።

ይህን ጉድለት የሚሞላው እንገር ነው። ላሟ ለመውለድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሯት ከራሷ ደም አንቲቦዲ እየቀዳች በግቷ ታከማቻለች። ጥጃው ሲጠባ እነዚህ ፕሮቲኖች ሳይፈጩ በአንጀቱ ግድግዳ አልፈው ቀጥታ ወደ ደሙ ይገባሉ። ይሁን እንጂ አንጀቱ እንዲህ ክፍት ሆኖ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው። ጥጃው ከተወለደ በኋላ ሰዓታት ባለፉ ቁጥር የማሳለፍ ኃይሉ እየቀነሰ ሄዶ 24 ሰዓት ገደማ ሲሆን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠባው እንገር ለሆድ ምግብ ይሆናል እንጂ ለደም መከላከያ አይሆንም።

የሚመከረው መጠንም የታወቀ ነው። ጥጃው ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል እንገር ማግኘት አለበት። 30 ኪሎ የሚመዝን ዲቃላ ጥጃ 3 ሊትር፣ 20 ኪሎ ገደማ የሆነ የሀበሻ ጥጃ ደግሞ 2 ሊትር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህም በተወለደ በ2 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን ከ6 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

በተግባር የሚታየው ከዚህ ይለያል። የእንግዴው ልጅ ሳይወርድ ጥጃው እንዳይጠባ የሚከለክል አርቢ አለ። እንገር ሲበዛ ተቅማጥ ያመጣል ብሎ የሚቆጥብም አለ። በሌላ ቤት ደግሞ እንገሩ ተቀቅሎ ለቤተሰቡ ይቀርባል፤ ለጥጃው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ላሟ ሌሊት ከወለደች ሠራተኛው እስኪነጋ ድረስ አይነሣም። ሲነጋ ግን የአንጀቱ ኃይል አብዛኛው አልፏል።

ደሙ ምን ይናገራል?

ጥጃው በቂ እንገር ማግኘቱን በዓይን ማወቅ አይቻልም። ሲቦርቅ የዋለ ጥጃ በአሥረኛው ቀን በተቅማጥ ሊወድቅ ይችላል። ሐኪሞች ወደ ደም ምርመራ የሚሄዱት ለዚህ ነው። ጥጃው ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላው፣ ከአንገቱ ደም ሥር ጥቂት ደም ይቀዳል። ደሙ በብልቃጥ ውስጥ ሲረጋ ሴረም የሚባለው ጠራ ያለ ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። ከዚህ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ሬፍራክቶሜትር በሚባል የእጅ መሣሪያ ላይ ይደረግና ብርሃን ሲያልፍበት የፕሮቲኑ መጠን ይነበባል። በዓይን የሚነበበው ዓይነት መሣሪያ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ የቀን ብርሃን ይበቃዋል።

አይ.ጂ.ጂ. የሚባለው ዋናው አንቲቦዲ በአንድ ሊትር ሴረም ውስጥ ከ10 ግራም በታች ከሆነ ጥጃው የእናቱን መከላከያ አላገኘም ተብሎ ይቆጠራል። የአሜሪካ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት የጋራ መመዘኛ ከ10 ግራም በታች ያለው ደካማ፣ 25 ግራምና ከዚያ በላይ ያለው እጅግ ጥሩ ሆኖ ተመድቧል። በሬፍራክቶሜትሩ ሲታይ በ100 ሚሊ ሊትር ሴረም ከ5.1 ግራም በታች ፕሮቲን ማግኘት የአደጋ ምልክት ሲሆን፣ 6.2ና ከዚያ በላይ ማግኘት ከሁሉ የላቀው ደረጃ ነው። እንገሩ ራሱም ሊለካ ይችላል። ለፍራፍሬ ጭማቂ የስኳር መጠን መለኪያ የሚውለው የብሪክስ መሣሪያ በእንገር ላይ 22 በመቶና ከዚያ በላይ ካነበበ እንገሩ ጥሩ ነው ይባላል።

ሐኪሙ ከፕሮቲኑ ሌላ የቀይ የደም ሕዋስን ድርሻም ይለካል። ይህ ቁጥር በጣም ሲወርድ የደም ማነስን ያመለክታል። መዥገርና የሆድ ትል፣ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉ ረግረጋማ መሬቶች የግጦሽ ላይ ከብት የሚያጠቃው የጉበት ትልም ለዚህ ያደርሳሉ። በአንጻሩ ቁጥሩ ሲወጣ ጥጃው በተቅማጥ ውሃው አልቆበት ሊሆን ይችላል። ውሃው ያለቀበት ጥጃ የፕሮቲን ንባቡም ሳይኖረው ከፍ ብሎ ስለሚታይ፣ በታመመ ጥጃ ላይ የተወሰደ ጥሩ ቁጥር ሻጩን ቢያስደስትም ገዢውን ያሳስታል።

የአዳኣና የባሕር ዳር ቁጥሮች

በአገራችን የጥጃን ሞት በቁጥር ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በደብረ ዘይት ዙሪያ፣ በአዳኣ ሊበን ወረዳ አነስተኛ የወተት እርባታዎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ነው። የጥናቱ መሪ ውዱ ተመስገን በኋላ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሠሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው። ጥጆች ከተወለዱ ጀምሮ እስከ 6 ወር ዕድሜ ድረስ ክትትል ሲደረግባቸው የሕመሙ መጠን 62 በመቶ፣ የሞቱ ደግሞ 22 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከበሽታዎቹ ቀዳሚው ተቅማጥ ነበር። ቆሻሻ በረት ውስጥ ያደሩና የመጀመሪያውን እንገር ከ6 ሰዓት በኋላ ያገኙ ጥጆች ይበልጥ ሲታመሙ ታይተዋል።

ወደ ጎንደር ጠጋ ሲባል፣ በአማራ ክልል በባሕር ዳር ዙሪያና በጎዛምን ወረዳዎች በዲቃላ ጥጆች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ጡት ከመጣላቸው በፊት የሕመሙን መጠን 47 በመቶ፣ የሞቱን 18 በመቶ ገደማ አድርጎታል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲው ፀጋው ፈንቴ መሪነት በከተማና በከተማ ዳር የወተት እርባታዎች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናትም ጥጆችን በብዛት የሚገድሉት የሆድ ዕቃና የመተንፈሻ አካል ሕመሞች መሆናቸውን አሳይቷል። ሁለቱም መከላከያ ያጣ ጥጃ በቀላሉ የሚያዝባቸው ሕመሞች ናቸው።

የወተት ኢንዱስትሪያቸው በዳበረ አገሮች ጥሩ እርባታ የሚባለው ጡት ሳይጥሉ የሚሞቱበትን ጥጆች ከ5 በመቶ በታች ያደረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የእንስሳት ሀብት ማስተር ፕላን የግልገልና የጥጃ ሞትን መቀነስ ከዋና ዋና ሥራዎች አንዱ ያደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ዝርያ ከማስገባት ይልቅ የተወለደውን ማትረፍ ይረክሳል።

ደጋው የሚያስከፍለው

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ ደባርቅ ሲደርስ 2,850 ሜትር ገደማ ይሆናል። ቀድሞ ይህ ሁሉ አካባቢ በአንድ የሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. በሦስት ዞን ከተከፈለ ወዲህ ግን የሰሜን ጎንደር ዋና ከተማ ደባርቅ ነው። ከደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው አገር ከ3,000 ሜትር ይበልጣል።

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። የአየር ግፊቱ በጎንደር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 77 በመቶ ያህል፣ በደባርቅ ደግሞ 70 በመቶ ገደማ ነው። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች ከፍታውን ያልለመዱ ከብቶች የሳንባ ደም ሥራቸው ግፊት ጨምሮ፣ ልባቸው ደክሞ፣ ደረታቸው ያብጥና ይሞታሉ። ይህ ስጋት ለኢትዮጵያም ይኖር እንደሆነ ለማወቅ ዘውዱ ውለታውና ባልደረቦቻቸው በደጋው የሚኖሩ የሀበሻና የዲቃላ ከብቶችን የሳንባ ደም ግፊትና የደም ይዘት ለክተው እ.ኤ.አ. በ2011 አሳትመዋል። ውጤቱ የአገሩ ከብት ለሳሳው አየር የተላመደ መሆኑን የሚመሰክር ነው። ለሐኪሙም ለገዢውም ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። አየር በሳሳበት አገር ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ወደ ማምረት ስለሚያዘነብል፣ የደባርቅን ጥጃ ደም በቆላ ወይም በውጭ አገር ሠንጠረዥ መመዘን ሊያሳስት ይችላል።

ጥጃውን ከከፍታው ይልቅ የሚጎዳው ብርዱ ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ የሚመቸው ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሆነ ሙቀት ውስጥ ነው። ከዚያ ሲወርድ ለመሞቅ ሲል ያለችውን ጥቂት ስብ ያቃጥላል። የደጋ ሌሊት ደግሞ ከዚህ በታች መውረዱን ለጎንደር ሰው መንገር አያሻም። እርጥብ ሆኖ፣ ነፋስ በሚገባበት በረት፣ ጭድ ባልተነጠፈበት ወለል ላይ የወደቀ ጥጃ ቶሎ አይቆምም፤ ካልቆመ አይጠባም፤ ብርዱም እንገሩ ወደ ደሙ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሰዋል። እንገር ከአንቲቦዲው ሌላ ስብ የበዛበት ማገዶ በመሆኑ በብርድ አገር የዘገየ እንገር የሚያስከትለው ጉዳት እጥፍ ነው።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በረቱ ጭቃ ይሆንና ተቅማጥ የሚያመጡት ተሕዋስያን ይራባሉ። ብርድ ፈርቶ በረቱን ሙሉ በሙሉ መድፈንም ሌላ ችግር አለው፤ ከሽንትና ከእበት የሚወጣው አሞኒያ ታፍኖ ሳንባውን ያቃጥለዋል። በበጋ ደግሞ ችግሩ የእናትየዋ ሆድ ነው። ድርቆሽ ሲወደድ፣ ፋጉሎና ፍሩሽካ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ ከከተማው ቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የገብስ ተረፈ ምርት ለመግዛት አቅም ያጣ አርቢ መጀመሪያ የሚቀንሰው ወተት የማትሰጠውን እርጉዝ ላም ቀለብ ነው። ለእንገር የሚሆነው ስንቅ የሚጠራቀመው ደግሞ በዚያው ጊዜ ነው።

ኪሣራው በሊትርና በጊደር ሲታሰብ

የብር ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በወተትና በከብት መሥራት ይሻላል። ለምሳሌ 10 ላሞች ያሉት አንድ ባለሀብት በዓመት 8 ጥጃ ያገኛል እንበል። በ3 ዓመት 24 ጥጃ ይሆናል። በአዳኣ እንደታየው 22 በመቶ ቢሞቱበት 5 ጥጃ አጣ ማለት ነው። ሞቱን ወደ 5 በመቶ ቢያወርድ የሚያጣው 1 ያህል ነው። ልዩነቱ 4 ጥጃ ነው። ግማሾቹ እንስት ቢሆኑ 2 ጊደር ለእርጅና ከሚወጡት ላሞች መተኪያ ወይም ለገበያ ይተርፉት ነበር።

በዚህ አያበቃም። በቀን 4 ሊትር ወተት እየጠጣ በ2 ወሩ የሞተ ጥጃ 240 ሊትር ወተት በልቷል። አራቱ ሲደመሩ 960 ሊትር ይሆናል። የሐኪሙና የመድኃኒቱ ወጪ፣ የሠራተኛውም ጉልበት በዚህ ላይ ይታከላል። ላሟ የሀበሻ ከሆነች ደግሞ ጥጃዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተቷን ስለምትይዝ፣ ከጥጃው ጋር አለባውም ሊቀር ይችላል። ይህን ሁሉ ለማዳን የሚጠየቀው በመጀመሪያው ቀን የሚጠጣ 3 ሊትር እንገር ነው። እንገር ደግሞ ወተት ተረካቢው የማይቀበለው ነገር ስለሆነ ለጥጃው በመስጠት የሚጎድል ሽያጭ የለም።

ከሞት የተረፈውም ቢሆን ነፃ አይወጣም። እንገር ያነሰው ጥጃ እየታመመ ይከርማል፤ ዘግይቶ ያድጋል፤ ዘግይቶም ይወልዳል። በአሜሪካ በብራውን ስዊስ ጥጆች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ እንደተወለዱ 4 ሊትር እንገር የተሰጣቸው እንስቶች 2 ሊትር ብቻ ከተሰጣቸው ይልቅ በአንደኛና በሁለተኛ ወሊዳቸው ብዙ ወተት መስጠታቸውን አሳይቷል። በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ መልክ፣ በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ሁለት ጊደሮች አንደኛዋ ለገዢው ውድ ሆና የምትገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከሩቅ የመጣች እርጉዝ ጊደር

ለነጋዴውና ለደላላው ይበልጥ የሚጠቅመው ነጥብ በእርጉዝ ጊደር ላይ ነው። ወተት ለመጀመር የሚቸኩል ባለሀብት ለመውለድ የተቃረበች ጊደር ይፈልጋል። ዋጋዋም ከፍ የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን እንገሯ የሚይዘው አንቲቦዲ እርሷ የኖረችበትን በረት በሽታ የሚያውቅ ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተነሥታ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዛ ጎንደር በደረሰች በሳምንቷ የወለደች ጊደር ለጥጃዋ የምትሰጠው ትታው የመጣችውን አገር መከላከያ ነው። የአዘዞን በረት ተሕዋስያን ሰውነቷ ገና አልተዋወቃቸውም።

ጉዞው ራሱም በደሟ ላይ ምልክቱን ይተዋል። በመኪና የተንገላታ፣ የተጠማና የደነገጠ ከብት ደሙ ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል፤ የነጭ የደም ሕዋሳቱ ሚዛን ይዛባል፤ በሽታ የመቋቋም ኃይሉም ለጊዜው ይዳከማል። ስለዚህ ልትወልድ ቢያንስ ሁለት ወር ሲቀራት መግዛት፣ በአዲሱ በረት እንድትለምድና ሐኪሙ የሚያዝዘውን ክትባት ከመውለዷ በፊት እንድታገኝ ማድረግ ይበጃል። ሁለት ወር መቀለብ ወጪ ቢሆንም ከእርሷ ጋር ጥጃዋንም ያተርፋል።

ከበረቱ እስከ ገበያው

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የምትታለብ እርጉዝ ላም ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት ከአለባ ታርፋለች፤ ቀለቧም አይቀነስም። የምትወልድበት ሥፍራ ይጸዳል፤ ጭድ ይነጠፋል። ጥጃው እንደተወለደ በደረቅ ጨርቅ ወይም በጭድ ይታሻል፤ እትብቱ በአዮዲን ይነከራል። ግቷ ታጥቦ እንገሩ ይታለብና፣ ራሱ መጥባት ያቃተው ጥጃ በጡጦ ይሰጠዋል። ሌሊት ለሚወልዱ ላሞች ተረኛ ሠራተኛ ይመደባል። ከአንዲት ደህና ላም የተረፈ እንገር በፍሪዘር ቢቀመጥ፣ በለብታ ውሃ ቀልጦ እናቱ ለሞተችበት ወይም እንገር ላነሳት ጥጃ ይደርሳል።

ከዚህ ቀጥሎ መዝገብ ነው። የተወለደበት ሰዓት፣ እንገር የጠጣበት ሰዓትና መጠን፣ የያዘው ሕመም በአንድ ደብተር ቢጻፍ ጊደሯ ለገበያ ስትቀርብ ምስክሯ ይሆናል። ለዚህ ደብተር የደም ውጤት ቢታከልበት ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ መኖሩ ለጎንደር ባለሀብቶች ትልቅ ዕድል ነው። በአንድ ወር የተወለዱትን ጥጆች ደም በሐኪም አስመርምሮ ስንቱ ከመለኪያው በታች እንደሆኑ ማወቅ፣ ሠራተኛው ሌሊት መነሣት አለመነሣቱን ያለ ክርክር ይናገራል።

ይህ እስኪለመድ ድረስ ገዢው ጥያቄውን መጀመር ይችላል። ሻጩ መልስ ቢያጣ እንኳ ሌሎቹን ምልክቶች ማየት አይከለከልም፤ በበረቱ ውስጥ ስንት ጥጃ ተወልዶ ስንቱ አለ? የጥጃው ቤት ደረቅ ነው? የቀሩት ጥጆች ጭራቸው ንጹሕ ነው ወይስ በተቅማጥ የተበላሸ? ደላላውም ይህን አውቆ የሚያቀርብ ከሆነ የሚያሻሽጣት ጊደር ከሌላው ከፍ ያለ ዋጋ ልታወጣለት ትችላለች።

አዲስ ንብረት ለያዘ ሰው «እምቦሳ እሰሩ» የሚባለው ምርቃት በአገራችን የቆየ ነው። አባቶች ሀብትን የመረቁት በላሟ ሳይሆን በእምቦሳዋ ነበር። በላሟ ሊትር ብቻ የሚሰላ የወተት ንግድ ግን መጨረሻው «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን ያሰጋል።